የሹሙ ኩባያና የዓርቡ ፊርማ

ውድ የሹሙ እናት፣

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ዓርብ ያንን የሥልጠና ማቋረጫ ፎርም እንዳትፈርሚ። ሰላምታውንና ናፍቆቱን ወደ ኋላ የገፋሁት ይቺ ቃል ቀድማ እንድትደርስሽ ብዬ ነው። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ አንድ የመንጋጋ ጥርስ አውጥቷል፤ ጥርሱንም የሚሞክረው በእኔ ጣት ላይ ነው።

«ስልክ ምን ሆነና ነው?» ትዪ ይሆናል። ስልክ አይሆንልኝም። ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ። ስለ እንቅልፌ ዋሽቼሻለሁ፣ ስለ እራቴ ዋሽቼሻለሁ፣ ከሁሉ የከፋውን ደግሞ ስለ ልጁ ዋሽቼሻለሁ። ወረቀት ላይ ለመዋሸትም ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይሄኛው አራተኛው ነው። ነገ ጠዋት ወደ እናንተ የሚነሳው አውቶቡስ ሹፌር በእጁ ያመጣልሻል፤ ሐሙስ ይደርስሻል።

ከሥሩ ልጀምር። ከሄድሽ አምስት ወር ሊሞላሽ ነው። ሁለት ጊዜ ስምሽ ከዝርዝሩ ተዘልሎ፣ በሦስተኛው የማደንዘዣ ሙያ የአንድ ዓመት ሥልጠና ሲፈቀድልሽ ሻንጣሽን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ። «ሂጂ፣ ልጁን ለእኔ ተዪው» ያልኩሽም እኔው ነኝ። ቀን ቀን ከእኛ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ አዋላጅ እማማ ይይዙታል፣ ከሥራ ስመለስ እኔ አለሁ ተባብለን ነበር። እማማ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ በዚህ ወር መጨረሻ ልጃቸው ዘንድ እንደሚሄዱ ሲነግሩኝ ግን ምድር ዞረብኝ። የቀረን ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ያለው የሕፃናት ማቆያ ብቻ ነበር። የማቆያው ሕግ ደግሞ ጡጦ አይገባም የሚል ነው። ልጆቹ ጡጦ እየተነጣጠቁ አንዱ የሌላውን ጉንፋን ይዞ ይሄዳል፤ ጥርሳቸውም ይጎዳል፤ ስለዚህ ዓመት ተመንፈቅ የሞላው ልጅ ክዳን በሌለው ኩባያ በራሱ እጅ መጠጣት አለበት ይላሉ። የእኛ ልጅ ደግሞ ጡጦውን እንደ ማኅተም በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጣቱ የሚያዝ ነው። ሹሙ ያልሽውም ለዚህ አይደል?

እኔን ታውቂኛለሽ። አሥራ አራት ዓመት ቧንቧ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያፈስ ነገር ካየሁ አላስችል ይለኛል፤ በሠርጋችን ሳምንት አክስትሽ ጋብዘውን ምግቡን ትቼ የመታጠቢያ ቤታቸውን ቧንቧ ስፈታ የተቆጣሽውን አትረሺውም። ስለዚህ ሹሙን ኩባያ ማስተማር አለብህ ስባል፣ ያሰብኩት ልጁ እንዴት ይጠጣል ብዬ ሳይሆን ውሃው እንዴት አይፈስም ብዬ ነው። የላስቲክ ኩባያ ገዛሁ፣ ክዳኑን በሳሁ፣ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበትና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ገጠምኩበት። ሥራው እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ደፍተሽ ብትተዪው ጠብ አይልም። ችግሩ ልጁ ሲስበውም ጠብ አይልም። ውሃ እንዲወጣለት ኩባያውን በአናቱ ገልብጦ ሦስት ጊዜ በኃይል መነቅነቅ ነበረበት። ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ በሁለት ቀን ለመደው፤ ይገለብጣል፣ ይነቀንቃል፣ ይጠባል። እኔም «ኩባያ ለመደ!» ብዬ ላንቺ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ።

በማቆያው የመጀመሪያው የሙከራ ቀን ምን እንደሆነ በስልክ በግማሹ ነው የነገርኩሽ። አንድ ዝቅ ያለ ክብ ጠረጴዛ፣ ስድስት ሕፃናት፣ በየፊታቸው ክዳን የሌለው ትንሽ የብረት ኩባያ፣ በውስጡ ወተት። ሹሙ ኩባያውን በሁለት እጁ አነሳ። እኔ «እዩልኝ እንግዲህ» በሚል ዓይን ዙሪያዬን ቃኘሁ። ልጅሽ እኔ እንዳስተማርኩት ኩባያውን በአናቱ ገለበጠና ሦስት ጊዜ በኃይል ነቀነቀው። ጉድ ፈላ! ወተቱ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ፀጉር፣ የማቆያውን ኃላፊ ቀሚስና የእኔን ጫማ አዳረሰ። እሱ ባዶውን ኩባያ አፉ ላይ ደቅኖ ጠባ ጠባና ምንም ሲያጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አሠራሩን ቀየርከው እንዴ?» በሚል ፊት ዞሮ አየኝ።

«ይሄን ማን አስተማረው?» አሉ ኃላፊዋ ቀሚሳቸውን እየጠረጉ።

«እኔ ነኝ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ።»

«አሃ! እንደሱ ይበሉኝ» አሉና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «ሦስት ሳምንት እሰጥዎታለሁ። ያኔም በራሱ ካልጠጣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ነው የምሰጠው። ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ስነግርሽ መጀመሪያ ሳቅሽ። ከዚያ «ካልተቀበሉትስ?» አልሽ። «እንግዲህ አቋርጬ እመጣለሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለን?» ስትዪ፣ ማለት የነበረብኝ «ኧረ በፍጹም!» ነበር። አላልኩም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አዎ፣ ልጄ በመውደቁ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይህን ነው በስልክ ልነግርሽ ያቃተኝ።

አትፍረጂብኝ አልልሽም፣ ፍረጂ። ግን ምን እንደነበርኩ እወቂው። የሥራ ባልደረቦቼ «ባለቤትህ ጥላህ ኮበለለች አሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቀልዱ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ይገባል። የልጁን ልብስ አጥቤ ሳሰጣ አንዱ ካልሲ ሁልጊዜ ይጠፋል። እራት ሠርቼ ስጨርስ የሚያወራኝ ሰው የለም፤ ሹሙ ያዝዛል እንጂ አያወራም። ደከመኝ፣ ናፈቅሽኝም። «ነይ» እንዳልልሽ ራሴ ሻንጣሽን አስሬ የሸኘሁሽ ነኝና አፈርኩ። ስለዚህ ልጁ እንዲልልኝ ፈለግኩ። እሱ ካልጠጣ አንቺ ትመጫለሽ፤ ጥፋቱም የማንም አይሆንም፤ የሕፃን ነገር ነው ይባላል።

እማማ ደግሞ መላውን አንድ በአንድ ነግረውኝ ነበር። «ያንን የብልሃት ኩባያህን ጣለው» አሉኝ መጀመሪያ። «ለትንሽ እጅ ትንሽ ኩባያ ነው። ሁለት ጉንጭ ብቻ ቅዳለት፤ ቢደፋው እንኳ የሚደፋው ሁለት ጉንጭ ነው። መጀመሪያ ቀጠን ያለ እርጎ ስጠው፤ እርጎ አይቸኩልም፣ ውሃ ነው የሚቸኩለው። የኩባያውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፈህ ጠብቅ፤ አፉ ውስጥ አትገልብጥበት፤ እሱ ራሱ ያዘንብለው። ራበኝ ብሎ ሲያለቅስ አትጀምር፣ እየተጫወተ ሳለ ይሁን። ደግሞ አንተም ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ ጠጣ።» እኔ ይሄን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁና ቤት ስገባ ከአንገት በላይ አደረግኩት። ኩባያውን እስከ አፉ ሞላሁት። አንድ ጊዜ ሲደፋ «በቃ፣ አልሆነለትም» ብዬ ጡጦውን አቀበልኩት። ጡጦውን ሳቀብለው «አየህ፣ አባትህ አይጨክንብህም» እያልኩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት እንደመጣልኝ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ አላደረግኩትም። ውሃ ከኩባያው ጠብ ባለ ቁጥር «ውይ!» እላለሁ። እጄም ሳላዘው ከሥሩ ይዘረጋል። አሥራ አራት ዓመት ያሠለጠንኩት እጅ ነው፤ ምን ላድርገው?

በአሥረኛው ቀን ሹሙን ልወስድ ስወርድ እማማ በሩ ላይ ተቀበሉኝና «ዛሬ ሦስት ጊዜ በራሱ ጠጣልኝ!» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልሽ። «እንዴት ነው፣ ለውጥ አለ?» አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምንም ተስፋ የለውም» አልኩሽ። አለቀስሽ። ያለቀስሽው ቀስ ብለሽ፣ ስልኩን ከአፍሽ ራቅ አድርገሽ ነበር፤ ግን ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ጉሮሮሽን ጠርገሽ «በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ፎርሙን እፈርማለሁ» አልሽና ዘጋሽ። ያ ቅቤ የጠጣው ልቤ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የእማማ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሹሙ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ በእጁ የሳል መድኃኒት መለኪያ የምታክል ትንሽ ኩባያ ይዟል። ቀስ ብሎ ወደ ከንፈሩ አስጠጋት፣ አዘነበላት፣ ዋጠ። አገጩ ላይ የወረደውን እርጎ በእጁ ጀርባ ጠረገው፤ ትልቅ ሰው ነው የሚመስለው። እንደገና አዘነበለ። እኔ በሩን ገፋ ሳደርግ አየኝና ፊቱ በራ። ወዲያው ኩባያዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ኩባያዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ ራቅ አድርጎ ገፋት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ «ውይ!» አለኝ።

ልጄ «አባባ» ሳይል «ውይ» ማለት ተማረ።

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉት። «አየህ? ልጁ ኩባያ አልፈራም፣ አንተን ነው የፈራው። ስንት ሴት አዋልጃለሁ! ባል በር ላይ ቆሞ ‹ውይ ውይ› ሲል ምጡ ይረዝማል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ባልየውን ነው የማስወጣው። አሁን አንተን ከገዛ ቤትህ የት ላስወጣህ?»

ሳቅ አልመጣልኝም። «እማማ፣ ትናንት ለእናቱ ‹ተስፋ የለውም› አልኳት» አልኩ። ለምን እንዳልኩም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ያቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ስሟ ሲዘለል አንተ ፊት አላለቀሰችም» አሉኝ። «እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጉያ ውስጥ ነው ያለቀሰችው። ዓይኗን አብሳ ነው ወደ ላይ የወጣችው። አሁን በሦስተኛው የሚዘላት አንተ ልትሆን ነው፣ ልጄ?»

አንቺ እኮ ያኔ ስትገቢ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል፣ ግድ የለም» ብለሽኝ ሽንኩርት መክተፍ ነበር የጀመርሽው። ዓይንሽ ቀልቶ ሳየው ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለቱም ጊዜ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጄን ላለመስጠት ወሰንኩ። በማግሥቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ልጄን ውሃ መጠጣት ላስተምር።» ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ፤ ግን ፈረመልኝ። ቤት ገብቼ ምንጣፉን ጠቅልዬ አልጋው ላይ ጫንኩት። ያንን ቫልቭ ያለው ኩባያ ፈትቼ ዕቃውን ለየብቻ አደረግኩ። ጡጦዎቹን ሦስቱንም ጫፋቸውን በመቀስ ቆረጥኩና ጣልኳቸው። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ሹሙ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ምን ላድርገው ብዬ አሰብኩና ተቀመጥኩበት። እውነቴን ነው፣ ሁለቱንም እጄን ከመቀመጫዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ልጅሽ ጡጦ አጥቶ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ሊሸነፍ የነበረው እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ተነስቼ እስከ በሩ ሄጃለሁ፤ ሱቁ ቅርብ ነው፣ ጡጦም ይሸጣል። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ። እርጎውን በማንኪያ እየሰጠሁ፣ ኩባያዋን አጠገቡ አስቀምጬ፣ እኔ በራሴ ኩባያ እየጠጣሁ ዋልኩ። ውሃ ጠጥቼ ጠጥቼ ሆዴ ተነፋ። ከሰዓት በኋላ እሱ ጩኸቱ ሲሰለቸው ኩባያዋን አነሳት። መጀመሪያ ያየው ፊቴን ነው። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። ደፋው። ዝም አልኩ። እንደገና ሁለት ጉንጭ ቀዳሁ። ደፋው። ዝም አልኩ። አምስተኛው ላይ ግማሹ አፉ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ በአንገቱ ወረደ። ትን ብሎት አሳለ፤ ከዚያ ሳቀ።

በሁለተኛው ቀን ከእርጎ ወደ ወተት አለፍን፣ በሦስተኛው ወደ ውሃ። ውሃው ቸኮለበት። መቼም የውሃን ግፊት የማውቀው እኔ ነኝና እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ፤ ኩባያው ውስጥ ውሃው ባነሰ ቁጥር ብዙ ማዘንበል ስለሚጠይቅ አፉ ላይ ድንገት እንደሚመጣበት ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፣ እማማ አይደሉም። ትንሽ ጨመር አደረግኩለት፣ ቀለለው። ወለሉ ግን ሐይቅ ሆነ። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ እማማ በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን እየደበደቡ «ኧረ ቤቴ ዘነበ!» ብለው ጮሁ። ወርጄ ይቅርታ ስጠይቅ ከወንበራቸው ላይ በሳቅ ሊወድቁ ነበር። «ቧንቧ ሠራተኛው ጣራዬን አፈሰሰው! ይሄን ሳላይ ዓይኔን ቢያጠፋው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር» አሉኝ።

እሑድ ስትደውዪ «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ቶሎ የዘጋሁብሽ ለዚህ ነው። ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ በእጄ መወልወያ ነበር። ሳላረጋግጥ ተስፋ ሰጥቼሽ ባይሆንስ ብዬ ፈራሁ። ቅዝቃዜዬ አስከፍቶሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ።

ትናንት ሰኞ፣ ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላ፣ ወደ ማቆያው ሄድን። ያው ክብ ጠረጴዛ። ኃላፊዋ በዚህኛው ጊዜ ሽርጥ አድርገው ነበር የጠበቁን። ኩባያውን ፊቱ አስቀመጡለት። ሹሙ አላነሳውም። አንገቱን ዞር አደረገና ፈለገኝ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አፉን ሊከፍት ሲል ሊል የነበረውን አወቅኩት። እጄ ኪሴ ውስጥ ጨብጦ ቀረ። ወዲያው ኃላፊዋን «አንድ ኩባያ ውሃ ያስቀዱልኝ» አልኳቸው። አስቀዱልኝ። ያንን የሕፃናት ወንበር ስቤ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ፣ ከስድስቱ ሕፃናት መካከል ተቀመጥኩና ጠጣሁ። ጥቂት ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ምንም አላልኩም። ሹሙ ሸሚዜን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ አነሳና ጠጣ። ሲጨርስ ወተቱ እስከ እምብርቱ ወርዶ ነበር።

«ግማሹን አፈሰሰው እኮ» አልኩ፤ መቼም አመሌ ነው።

«እኛ የማያፈስ ልጅ አልጠየቅንም» አሉ ኃላፊዋ። «በራሱ የሚጠጣ ነው የጠየቅነው። በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል። ቅያሪ ልብስ ብዙ ይላኩ።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። እማማ ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ሻንጣቸውን እኔ ነኝ የማስርላቸው። ሰኞ ሹሙ ማቆያ ይገባል። ከሥራ እስክወጣ ሳይሆን እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ስለሚይዙልኝ፣ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ ቀድሜ እወጣለሁ። ሰባት ወር ይቀርሻል። ሰባቱንም ወር በልቼ፣ ተኝቼ፣ ካልሲ ፈልጌ እዘልቃቸዋለሁ። በሥራ ቦታ «ባለቤትህ የት ሄደች?» ሲሉኝ «የማደንዘዣ ባለሙያ ልትሆን ነው፤ መጀመሪያ አፍህን ታደነዝዝልናለች» እላቸዋለሁ። እንዲህ ማለት ካሁኑ ጀምሬያለሁ።

የበደልኩሽን በደል ስትመለሺ ፊት ለፊት ታወራርጂኛለሽ። እኔም አልሸሽም። ሐሙስ ግን ይሄን ደብዳቤ ካነበብሽ በኋላ ያንን ፎርም ቅደጂው፤ አጣጥፈሽ ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ እንዳታስቀምጪው። ቀንቶሽ ተማሪ፣ ደንበኛ እንቅልፍ ተኚ፣ እሑድ ደውዪልን። እሑድ የምትሰሚው እውነቱን ብቻ ነው፤ ልጁ ታሞ ከሆነ ታሟል፣ እኔም ከፍቶኝ ከሆነ ከፍቶኛል እልሻለሁ፤ አንቺ ግን በዚያ ምክንያት ሻንጣ አታነሺም።

ይሄን ሁሉ አንብበሽ አሁንም ልብሽ ካመነታና ዓርብ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ከመጣሽ፣ በሩን አልከፍትልሽም።

ውሸቴን ነው፤ በሩጫ ነው የምከፍትልሽ። አትምጪ የምልሽም ለዚሁ ነው።

ያንቺው፣
የሹሙ አባት